በመጠለያ ጣቢያ የሶላር ቻርጅ ሱቅ አከፋፈት፦ በሰሜን ሸዋ ለሚሠራ ነጋዴ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ መጠለያዎች የሚኖር ተፈናቃይ ለብርሃንና ለስልክ ቻርጅ ዛሬም ገንዘብ ያወጣል። ሻማ ይገዛል፣ ለእጅ ባትሪው ድንጋይ ይገዛል፣ ስልኩን ከተማ ወስዶ ከፍሎ ያስሞላል። ስለዚህ ገበያ የለም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የጎደለው እዚያው ቆሞ የሚሸጥና የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ነው። ዕርዳታ ሰጪው መብራት አድሎ ይሄዳል፤ መብራቱ በስድስት ወሩ ሲሞት የሚጠይቀው የለም። የግል ነጋዴ የሚያዋጣው ቦታ እዚህ ላይ ነው። ሳጥን አስረክቦ ከመሄድ ይልቅ ቻርጁንና ጥገናውን በየቀኑ መሸጥ።

ይህ ጽሑፍ በቀን ወደ 100 ስልክ የሚሞላና 40 መብራት የሚያከራይ አንድ ሱቅ ከዜሮ እንዴት እንደሚቆም ያሳያል። ምድጃንም በመጨረሻ እንነካለን።

ከዕቃ በፊት

መጀመሪያ የመብራት ምሰሶው ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ አንዳንዱ መጠለያ ከመስመሩ ብዙ አይርቅም። ቆጣሪ ማስገባት የሚቻልበት ቦታ ላይ 1,000 ዋት ሶላር መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ ባትሪና ቻርጀር ብቻ ገዝታችሁ፣ መብራት ሲኖር ሞልታችሁ ሲጠፋ ብትሸጡ ይሻላል። ሶላር የሚያዋጣው መስመሩ ሩቅ ሲሆን፣ ወይም ቆጣሪው መቼ እንደሚገባ የሚነግራችሁ ሰው ሲጠፋ ነው።

ቀጥሎ ጥያቄ። ከ30 እስከ 40 አባወራ አነጋግሩ። «ሶላር ቢመጣ ትገዛለህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ባለፈው ሳምንት ለሻማ ስንት አወጣህ? ስልክህን የት አስሞላህ? ስንት ከፈልህ? ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ያለፈውን ጠይቁ። የምታስከፍሉት ዋጋ ከዚያ ቁጥር በታች ካልሆነ ደንበኛ አይመጣም። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለየብቻ ጠይቁ። ለቤት ብርሃን የምታስበውና ለስልክ የሚያስበው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከባድ አይደለም፣ ግን ብዙ ደጅ ያስመላልሳል። ቲን ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ ከከተማው ወይም ከወረዳው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት መጠለያው ግቢ ላይ ወይም አጠገቡ ለመሥራት የሚፈቅድ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ዕቃው የማን ንብረት እንደሆነና መጠለያው ሲዘጋ ባለቤቱ ነቅሎ መውሰድ እንደሚችል። ይህ ያልተጻፈበት ዕቃ በመጨረሻ «የመጠለያው ንብረት» ይባልና ክርክር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን የሚሠራው ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት ውል ሲፈርም የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው።

ተፈናቃዩ ዜጋ ነው። እንደ ስደተኛ የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሚቸገረው በመታወቂያ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያው የቀድሞው ቦታ ነው፣ ወይም ጠፍቷል። እንግዲህ ሠራተኛ ስትቀጥሩም ሆነ መብራት በዱቤ ስትሰጡ የመጠለያውን የምዝገባ ካርድና እዚያው የሚታወቁ ሁለት ዋሶች ተቀበሉ። መታወቂያ ካልመጣ ብላችሁ ከገፋችሁ ግማሹን ደንበኛ በር ላይ ትመልሳላችሁ።

ስሌቱ

ብዙ ሰው ሱቅ ጀምሮ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። አንድ ስማርት ስልክ ከዜሮ እስከ ሙሉ፣ የመንገድ ብክነቱን ጨምሮ፣ 25 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል (ዋት ሰዓት ማለት ባለ አንድ ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ኃይል ነው)። ባለ ቁልፍ ስልክ 7 ይበቃዋል። በቀን 60 ስማርትና 40 ባለ ቁልፍ ስልክ ካላችሁ 1,500 እና 280። እያንዳንዳቸው 12 ዋት ሰዓት የሚበሉ 40 የኪራይ መብራቶች 480። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 300። የጸጉር ማሽን ባለ 15 ዋት ለ4 ሰዓት 60። የሱቁ መብራት 30። ድምሩ 2,650 ዋት ሰዓት በቀን ይሆናል።

አሁን ፀሐዩ። ዓመቱን በአማካይ ወስዶ ማስላት እዚህ አገር ላይ ያሳስታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ፀሐዩን ይደብቃል፣ ደንበኛው ግን በክረምትም ስልኩን ይሞላል። ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ ደጋ በቀን 4 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት፣ ማለትም ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ እንደሠራ የሚቆጠር 4 ሰዓት፣ ብላችሁ አስሉ፤ በበጋ ከዚያ በላይ ታገኛላችሁ። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚጠፋውን 30 ከመቶ ያህል ቀንሱ። 2,650 ለ4 ተካፍሎ፣ ውጤቱ እንደገና ለ0.7 ሲካፈል 946 ዋት ይመጣል። ባለ 550 ዋት ሁለት ፓኔል፣ በድምሩ 1,100 ዋት፣ በቂ ነው። ጉም ለአራት አምስት ቀን ሲቀመጥ ግን ይህም ያንሳል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልክና መብራት ብቻ ይሂድ። ለአምስቱ ቀን ብሎ እጥፍ ፓኔል መግዛት አያዋጣም።

ባትሪው ሊትየም አይረን ፎስፌት፣ 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት፣ ሁለት በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ)። 5,120 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ 80 ከመቶውን ብቻ ብትጠቀሙ ወደ 4,100። ለአንድ ቀን ተኩል ያደርሳል። «ያገለገለ የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው» የሚላችሁ ይኖራል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ማለትም ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው ለመሞላት። በየማታው ግማሹን ካወጣችሁበት በጥቂት ወራት ይደርቃል። ርካሹ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ቀሪው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል አስተካክሎ ባትሪውን የሚሞላ ባለ 150 ቮልት 60 አምፔር የኤምፒፒቲ ቻርጅ ኮንትሮለር፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት 220 ቮልት የሚቀይር ባለ 24 ቮልት 1,000 ዋት ንጹሕ ሳይን ኢንቨርተር ለቴሌቪዥንና ለጸጉር ማሽን ብቻ፤ ከ24 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚቀይሩ የዩኤስቢ ቻርጀሮች፣ በድምሩ 40 ቀዳዳ ያላቸው፤ ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል፤ ከባትሪ እስከ ኮንትሮለርና ኢንቨርተር ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሳይበልጥ፤ ለፓኔሉ ባለ 20 አምፔር፣ ለባትሪው ባለ 63 አምፔር የዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ቀጥተኛ ኃይል) ብሬከር፤ ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ፊውዝ፤ የ1.5 ሜትር የመሬት ዘንግ።

ስልክን በኢንቨርተር በኩል መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው። 24 ቮልት ወደ 220 ከፍ ይላል፣ ከዚያ በስልኩ ቻርጀር ወደ 5 ይወርዳል፤ ሁለቴ ይባክናል። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራ ከ10 እስከ 20 ዋት ይጠጣል። ሌሊቱን ክፍት ከተተወ የብዙ ስልኮችን ቻርጅ በልቶ ያድራል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ እሱም ይጥፋ።

ውርጭ ዕቃ ሲያቃጥል

በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ብልሽት አለ። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 50 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ሁለቱን በተከታታይ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ስታገናኙ 100 ይሆናል። ይህ ቁጥር የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.28 ከመቶ ያህል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ያድራል። በዜሮ ዲግሪ ማለዳ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ያ 100 ቮልት 107 ይሆናል። ኮንትሮለራችሁ ባለ 100 ቮልት ከሆነ እዚያው ይቃጠላል። ሻጩ ደግሞ «ከዋስትና ውጭ» ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለችግር የሠራ ዕቃ እዚህ የሚሞተው አንዳንዴ በዚህ ነው። ባለ 150 ቮልት ግዙ።

ሊትየሙም ብርድ አይወድም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፣ ከወራት በኋላ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ማለቅ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ስትገዙ የውስጥ መቆጣጠሪያው በብርድ ጊዜ ቻርጅ የሚያቆም መሆኑን ጠይቁ። ባትሪውን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ። በጣውላ ሳጥን፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ፣ ሱቁ ውስጥ ይደር። ሳጥኑ ክዳኑ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ይኑረው።

ስትገዙ

ፓኔል በሜትር ይለካል። እውነተኛ ባለ 550 ዋት ርዝመቱ ወደ 2.28 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 1.13 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 28 ኪሎ ነው። 1.7 በ1 ሜትር የሆነ ፓኔል ላይ «550» ተለጥፎ ካያችሁ ወረቀቱ ነው 550 የሆነው። ጥርት ባለ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኝታችሁ በዲሲ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚያነብ መለኪያ) ለኩት፤ 13 አምፔር አካባቢ ማሳየት አለበት።

ባትሪውን ሙሉ ከተሞላ በኋላ በኢንቨርተር በኩል 300 ዋት አምፖል ስቀሉበትና ሰዓት ያዙ። አንዱ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ማብራት አለበት። በአራት ሰዓት ከሞተ የተለጠፈበት ቁጥር ውሸት ነው። ይህን ፈተና ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ማድረግ ያሳፍራል የሚል ነጋዴ አለ፤ አያሳፍርም።

ተከላው

ፓኔሉን ሸራ ድንኳን ላይ ወይም ስስ ቆርቆሮ ላይ አትስቀሉ፤ የደጋው ነፋስ ይነቅለዋል። ግማሽ ሜትር በተቀበረና በኮንክሪት በተሞላ የብረት እግር ላይ፣ ወይም ኮንቴነር ሱቅ ጣሪያ ላይ በብሎን ይታሰር። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዘንበል ማለቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ። ከ10 በታች ከሆነ ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ አይወርድም። ኩበት የሚነድበት ሰፈር ስለሆነ ጥላሸት ቶሎ ይለብሰዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማለዳ ሳይሞቅ፣ በለስላሳ ጨርቅና ውኃ ይጠረግ። ጥርስ ያለው መጥረጊያ መስታወቱን ይጭራል።

አገናኙ በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ባትሪ ከኮንትሮለር፣ ከዚያ ፓኔል ከኮንትሮለር፣ በመጨረሻ ጭነቱ። ፓኔል ቀድሞ ከገባ ብዙ ኮንትሮለር የሚሠራበትን ቮልቴጅ ስለማያውቅ ይሳሳታል ወይም ይበላሻል። ሁለቱን ባትሪዎች በትይዩ ከማሰራችሁ በፊት ለየብቻ ሙሉ አድርጋችሁ ሙሏቸው፤ አንዱ ሙሉ አንዱ ባዶ ሆነው ከተገናኙ ከሙሉው ወደ ባዶው የሚሮጠው ኃይል ፊውዝ ያቃጥላል።

ብሬከሩ ላይ ዲሲ የሚል ይኑር። የቤት ኤሲ ብሬከር በዲሲ ላይ ሲቋረጥ ብልጭታውን ማጥፋት አይችልም፣ ውስጡ ይቀልጣል፤ አንዳንዴም እሳት ይነሳል። ብሎኖቹን ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ የላላ ብሎን ይሞቃል፣ የሞቀ ብሎን ይቃጠላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለሶላር ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም የተነገረው።

ቦታው

ሱቁን መጠለያው መሃል አታቁሙ። አጥሩ ላይ፣ በሩ አጠገብ ይሁን፣ ተፈናቃዩም የአካባቢው ሰውም የሚገባበት። የአካባቢው ገበሬም መብራት የለውም ይሆናል፤ «ለእነሱ ብቻ መጣ» የሚል ቅሬታ ከተነሳ ሽቦ መቆረጥ ይጀምራል። በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ዙሪያ ባሉ የስደተኛ ካምፖች በአይኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተቋቋሙት የሶላር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስደተኛውንም የአካባቢውን ነዋሪም አባል አድርገዋል። ሁለት ሠራተኛ ከቀጠራችሁ አንዱ ከተፈናቃዩ፣ አንዱ ከአካባቢው፤ ከሁለቱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን።

የዕለት ሥራ

በቻርጅ ሱቅ ጠብ የሚያስነሳው የጠፋ ስልክ ነው። ግድግዳው ላይ ከ1 እስከ 100 የተቆጠረ ኪስ ያለው ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ይሰቀል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት የፕላስቲክ ምልክት፤ አንዱ በላስቲክ ስልኩ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ለባለቤቱ ይሰጣል። ስልኩ ሲገባ ከባለቤቱ ጋር አብርታችሁ እዩት፤ የተሰነጠቀ ስክሪንም ሆነ ውኃ የገባበት ስልክ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ምልክቱን ያላመጣ ሰው ስልኩን የሚወስደው ውስጥ ካለው ስም አንዱን ጠርቶ፣ በዚያው ደውሎ ሲያረጋግጥ ነው። በክረምት እርጥብ ስልክ አትሰኩ፤ መሰኪያው ይዝጋል፣ ጥፋቱም የእናንተ ይባላል።

ለመብራት ኪራይ መያዣ ውሰዱ፣ ግን ትንሽ። መያዣው ከበዛ ድሃው ይቀራል፣ ካነሰ መብራቱ ይቀራል። በየቀኑ የሚከፈል ኪራይ ያላቸው ሰዎች መብራቱን በማግስቱ ስለሚመልሱ ጉዳቱን ቶሎ ታያላችሁ፤ ለዚህ ነው ከሽያጭ ይልቅ ኪራይ የምንመርጠው። በዱቤ የምትሸጡ ከሆነ ግን ደንበኛው ሲከፍል የሚሰጠውን የሚስጥር ቁጥር በራሱ በመብራቱ ላይ ተጭኖ የሚከፈተውን ዓይነት ውሰዱ። በሲም ብቻ የሚከፈተው ዓይነት ኔትወርክ ሲቋረጥ ይዘጋል፣ በዚህ ክልል ደግሞ ኔትወርክ እንደሚቋረጥ ሁሉም ያውቃል። ቴሌብር ያለው በቴሌብር፣ የሌለው በጥሬ ገንዘብ ይክፈል፤ መዝገቡ በወረቀት ይኑር።

ሂሳቡ

እንበል ስማርት ስልክ 10 ብር፣ ባለ ቁልፍ 5 ብር፣ መብራት በቀን 5 ብር ብታስከፍሉ። 600፣ 200፣ 200፤ በቀን 1,000 ብር። በ26 ቀን 26,000። ለሁለት ሠራተኛ 10,000፣ ለጥበቃ 3,000፣ ለኬብልና ለተሰበረ መብራት 2,500፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ 1,500። ባትሪው 120,000 ብር ቢያወጣና 6 ዓመት ቢያገለግል በየወሩ 1,667 ብር ለብቻው ይቀመጥ። ይህን መጠባበቂያ የዘለለ ሱቅ ባትሪው ባለቀ ቀን ይዘጋል። የሚተርፈው 7,300 ብር ገደማ ነው። ጠቅላላው ወጪ 350,000 ቢሆን ለመመለስ አራት ዓመት ያህል ይፈጃል።

አራት ዓመት ለመጠለያ ጣቢያ ረጅም ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ አይተናል። ስለዚህ ሙሉውን ካፒታል በባንክ ብድር አትጀምሩ። ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት የዕቃውን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍን፣ ደንበኛው የማስኬጃውን ይክፈል፤ ይህ ነው የሚቆመው። ውሉ ላይ ክፍያው እንዲህ ቢከፈል ይሻላል፦ ሲተከል ግማሹ፣ ከሦስት ወር በኋላ እየሠራ ከሆነ 30 ከመቶ፣ ከዓመት በኋላ ቀሪው። ለድርጅቱም ይጠቅመዋል፣ ለእናንተም ሥራችሁን ያስከብራል። ግን ክፍያው ስለሚዘገይ የሁለት ሦስት ወር ማስኬጃ በእጃችሁ ይኑር። አንድ ነገር በውሉ ላይ አስገቡ፦ ድርጅቱ በዚያው መጠለያ ነጻ መብራት የሚያድል ከሆነ አስቀድሞ ያሳውቅ። ነጻ ዕደላና ሽያጭ በአንድ ግቢ አብረው አይውሉም።

ምድጃ

ኤሌክትሪክ ምጣድ በዚህ ሱቅ ላይ አይታሰብም። አንድ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ከ1,000 አያልፍም። ለእንጀራ ያለው መፍትሔ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ከሲሚንቶ ይቀረጻል፣ ከሦስት ድንጋይ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ከባድ ስለሆነ ከሩቅ መጫን አያዋጣም፤ ቅርጹን ገዝታችሁ ሴቶችን አደራጅታችሁ እዚያው ይመረት። ፑሚስ ጠፋ ብሎ በወንዝ አሸዋ የተሠራ ምድጃ ሙቀት ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ በጥላ ይድረቅ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ከአንድ ወር በፊት እሳት አታስነኩት።

ለወጥ «ትክክል» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሆናል። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ምስር ከቆላው የበለጠ እንጨት ይበላል። ክዳን ያለው ድስትና ከዋዜማው የተዘፈዘፈ ባቄላ ብቻውን ማገዶ ይቆጥባል። ቆጣሪ ባለበት መጠለያ ከሆናችሁ የኤሌክትሪክ ፕረዠር ኩከር በጋራ ማብሰያ ቤት ሞክሩ።

ሲነቀል

ቀኑ ሲመጣ መንቀል የተከላው ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጭነቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ፓኔሉ ይነቀላል፣ ባትሪው መጨረሻ። ፓኔሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎናቸው አቁማችሁ ጫኑ። የባትሪዎቹ ጫፎች በላስተር ይታሸጉ፣ ግማሽ ያህል ተሞልተው ይጓዙ። ያረጀውን የመብራት ባትሪ ሰብስባችሁ ውሰዱት እንጂ ለልጆች አትተዉት፤ ሊትየም ምድጃ ውስጥ ከተጣለ ይፈነዳል። መያዣቸው ያልተመለሰላቸውን ሰዎች ስም ከመዝገቡ አውጥታችሁ፣ ከመኪናው መነሳት በፊት በየስማቸው ጠርታችሁ ክፈሏቸው።